«ኦገስት ረሽ»ን አይቶ ጊታር የሚደበድበው ልጅ፦ አስተማሪ ይቀጠርለት ወይስ ይተው?

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የሟች እህቴን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ፤ አሁን ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። አባቱን አያውቀውም፤ እኛም የት እንዳለ አናውቅም። ልጁ ቤተ ክርስቲያን የሰማውን መዝሙር ቤት መጥቶ ኪቦርድ ላይ በአንድ እጁ ፈልጎ ያወጣዋል። ‹ኦገስት ረሽ› የሚባለውን ፊልም ካየ ወዲህ ደግሞ የባለቤቴን አሮጌ ጊታር ጭኑ ላይ አጋድሞ በመዳፉ ይደበድባል። ባለቤቴ ‹ተሰጥኦ ነው፣ አስተማሪ ያበላሽበታል፣ እንደ ፊልሙ ልጅ ራሱ ይወጣዋል› ይላል። አስተማሪ ልቅጠርለት ወይስ ልተወው? ጊታርስ ልግዛለት? ደግሞ ባለፈው ሳምንት ‹ፓርክ ሄጄ ጮክ አድርጌ ብጫወት አባቴ ይሰማኝ ይሆን?› አለኝ። ምን ልበለው?»

ምላሽ፦

አስተማሪ ይቅጠሩለት፤ ጊታርም ይግዙለት፤ ነገር ግን ፊልሙ ላይ ያየውን ዓይነት ጊታር አይደለም። በመጨረሻ የጠቀሱት ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ እሱን ለመመለስ ግን ፊልሙ ለልጁ ምን እንዳሳየውና ምን እንደሸፈነበት አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

«ኦገስት ረሽ» እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ ክርስተን ሸሪዳን ያዘጋጀችው ፊልም ነው። ፍሬዲ ሃይሞር የሚጫወተው ኢቫን የቼሎ ተጫዋች እናትና የአየርላንድ ተወላጅ የሆነ ዘፋኝ አባት ልጅ ነው። እናቱ በመኪና አደጋ ራሷን ስታ ሳለ አያቱ በእሷ ስም ፈርሞ ሕፃኑን አሳልፎ ይሰጣል፤ ለእሷ ደግሞ ልጅሽ ሞቷል ይላታል። ልጁ እስከ 11 ዓመቱ በሕፃናት ማሳደጊያ ይቆይና ወላጆቹ በሙዚቃው ሰምተው እንደሚመጡለት አምኖ ኒው ዮርክ ይገባል። እዚያ ጊታር ነክቶ በማያውቅ እጁ አንድ ሌሊት ውስጥ ይራቀቃል፣ ኖታ በአንድ ጊዜ ያውቃል፣ ጁሊያርድ የተባለው ታዋቂ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይገባል፣ በመጨረሻም ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ራሱ የደረሰውን ራፕሶዲ (ነፃ ቅርጽ ያለው የሙዚቃ ድርሰት) ኦርኬስትራ እየመራ ያሰማል። ይህ ተረት ነው። እንደ ተረት ሲያዩት ያምራል፤ የሙዚቃ ትምህርት መመሪያ ሲያደርጉት ግን ልጅ ይጎዳል።

ከጊታሩ እንጀምር። ካሜራው ቀርቦ ጣቶቹን ሲያሳይ የምናየው የሕፃኑን እጅ ሳይሆን የኬኪ ኪንግን ነው፤ ፊልሙ በተሠራበት ጊዜ በዚህ አጨዋወት ስሟ የታወቀ ባለሙያ ነበረች። አጨዋወቱንም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይበልጥ ያስተዋወቀው ማይክል ሄጅስ ነው። ቀኝ እጅ የጊታሩን አካል እንደ ከበሮ ይመታል፣ አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች በጥፊ ያስጮኻል፣ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከላይ እየወረዱ ክሩን ከፍሬቱ (የጊታሩ አንገት ላይ በአግድም ከተተከለው ቀጭን ብረት) ጋር ያጋጫሉ። ድምፁ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጣቱ ልክ ከፍሬቱ ኋላ ተጠግቶ ሲያርፍ ነው፤ ትንሽ ራቅ ካለ ክሩ ይንዘረዘራል። ከዚያ ሁሉ የሚከብደው ግን የማይፈለጉትን ክሮች ዝም ማሰኘት ነው። ጀማሪ ሲመታ ስድስቱም አንድ ላይ ይጮኻሉ። ሰሚው የሚደነቅበት ያ ጥራት የብዙ ዓመት ሥራ ነው።

ያም ሆኖ ፊልሙ ውስጥ አንድ እውነት አለ። ጊታሩ በተለመደው ቅኝት (ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ) ሳይሆን ክፍት (ጣት ያልተጫናቸው) ክሮቹ እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ ሆኖ ከተቃኘ ጀማሪ እንኳ በዘፈቀደ ቢመታው ጆሮ የሚያስከፋ ድምፅ አይወጣውም። ክራርም እንዲሁ ነው፤ አስቀድሞ በትዝታ ወይም በባቲ ስለሚቃኝ ልጅ ዝም ብሎ ቢገርፈው የቅኝቱን ድምፆች ብቻ ይሰማል። ስለዚህ የእርስዎ ልጅ ጊታሩን እየመታ ደስ የሚል ነገር ቢያወጣ የቅኝቱና የጆሮው ጥምር ውጤት ነው። ጆሮው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ እጁ ግን ገና አልጀመረም።

ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ስንመጣ፣ ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱበት ስለሆነ ቆም ብዬ ልመልስበት። አስተማሪ ተሰጥኦን አያበላሽም፤ መጥፎ አስተማሪ ፍላጎትን ይገድላል፣ አስተማሪ ማጣት ደግሞ እጅን ያበላሻል። የአንጓ አያያዝ፣ የትከሻ አቀማመጥ፣ የጣት ቅደም ተከተል አንዴ ተጣሞ ከተለመደ በኋላ ማቃናት ከአዲስ ከመማር ይከብዳል። ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ሞዛርት እንኳ ራሱ አልወጣውም። አባቱ ሊዮፖልድ የቫዮሊን ማስተማሪያ መጽሐፍ ያሳተመው ልጁ በተወለደበት እ.ኤ.አ. በ1756 ነው፤ ማለትም ሕፃኑ የተወለደው በዘመኑ ከነበሩት ጎበዝ አስተማሪዎች በአንዱ ቤት ነው። በስምንት ዓመቱ ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሲምፎኒ ሲጽፍም እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ ትገለብጥለት እንደነበር ኋላ ተናግራለች።

ወላጅ አልባ ሙዚቀኞችን ካነሳን ታሪክ የሚያሳየን ከፊልሙ ተቃራኒ ነው። ቬኒስ ውስጥ ፒየታ የሚባለው ማሳደጊያ የተጣሉ ሴት ሕፃናትን አሳድጎ አውሮፓ የሚያደንቃቸው ተጫዋቾች አድርጓል፤ ያደረገው ግን ቪቫልዲን የመሰለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1703 ቀጥሮ ነው። የእኛው «አርባ ልጆች»ም ይኸው ናቸው። ከአርመኖች እልቂት የተረፉት እነዚህ ወላጅ አልባ ልጆች ኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመን ገዳም ተጠግተው የነሐስ ባንድ ሲጫወቱ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የንጉሠ ነገሥቱ ባንድ ሆኑ፤ እሱ የደረሰው «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» እ.ኤ.አ. በ1930 የዘውድ በዓል ላይ ተሰምቷል። ከእነዚህ ልጆች ማንም በአንድ ሌሊት አልተገኘም። አስተማሪ፣ ደህና መሣሪያና በየቀኑ አብሮ የሚለማመድ ጓደኛ ነበራቸው። ለእርስዎ ልጅም የሚያስፈልጉት እነዚሁ ናቸው።

ጆሮው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ክፍያ የሚጠይቅ ፈተና አያስፈልግም፤ ኪቦርዱ ይበቃል። ከጥቁሮቹ ቁልፎች ሦስቱ አንድ ላይ ካሉበት የመጀመሪያውን ይምረጡና ከእሱ ጀምሮ ጥቁር ጥቁሩን ብቻ ወደ ቀኝ ይጫኑ፤ የሚሰሙት ትዝታ ሜጀር ነው። በእነዚያ ቁልፎች ብቻ ልጁ ሰምቶት የማያውቀውን ስምንት ድምፅ ያህል ያለው አጭር ዜማ ይጫወቱለት፤ ሁለቴ ያሰሙትና ያዚሙት። ቀጥለው ያንኑ ዜማ ከነጩ ዶ (ሁለት አንድ ላይ ካሉት ጥቁር ቁልፎች በስተግራ ካለው ነጭ ቁልፍ) ጀምሮ በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እንዲያወጣው ይጠይቁት። ጥቂት ተሳስቶ ራሱ ካረመ፣ ጆሮው በድምፆቹ መካከል ያለውን ርቀት ይዟል ማለት ነው፤ ለሙዚቃ ዋናው ችሎታ ይህ ነው። መዝሙሩን ሁልጊዜ ከአንድ ቁልፍ ብቻ ጀምሮ የሚያወጣና ከሌላ ሲጀምር የሚጠፋበት ከሆነ ግን የያዘው ጣቱ ነው። ይህም አያስከፋም፤ ገና የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው። ለምት ደግሞ እንደ ግድግዳ ሰዓት በተረጋጋ ፍጥነት አብራችሁ አጨብጭቡና እርስዎ ያቁሙ፤ እሱ ለስምንት ምት ሳይፈጥን ከቀጠለ ጥሩ ነው። አብዛኛው ልጅ ይፈጥናል፤ ያ ጉድለት ሳይሆን ዕድሜው ነው። እባክዎ የሚያውቀውን መዝሙር ለፈተና አይጠቀሙ፤ የማስታወስ ችሎታውን እንጂ ጆሮውን አይለኩበትም። እንግዳ ፊትም አይፈትኑት።

ሰዎች «ፍጹም ጆሮ አለው ወይ?» ብለው ሊያስጨንቁዎት ይችላሉ። አንድን ድምፅ ያለ ማነጻጸሪያ ስሙን መጥራት መቻል ማለት ነው። ከስድስትና ሰባት ዓመት በፊት ሙዚቃ ባልጀመሩ ልጆች ዘንድ እምብዛም አይገኝም፤ ታላላቅ ሙዚቀኞችም ሳይኖራቸው ኖረዋል። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ስለሆነ ይህን ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው።

ኦርኬስትራ መድረስና መምራት የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። አንድ ገጽ የኦርኬስትራ ጽሑፍ ላይ ሃያ ያህል መስመር አንዱ ከሌላው በታች ይደረደራል። በሲ ቤሞል የሚቃኘው ክላሪኔት ከሚሰማው አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይጻፍለታል፤ በፋ የሚቃኘው ሆርን ደግሞ በአምስተኛ ከፍ ይላል። ቫዮሊን ከመካከለኛው ዶ በታች ካለው ሶል ወዲያ አይወርድም። ይህን ማንም በጆሮው ብቻ ሊያውቀው አይችልም፤ በትምህርት ብቻ የሚገኝ ነው። ጁሊያርድም ለልጆች ያለው በፈተና የሚገቡበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ የመሰናዶ ትምህርት ነው፤ እንደ ፊልሙ ሕፃን ከአዋቂዎቹ ክፍል አያስቀምጥም።

አሁን ወደ ግዢው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚሆነው የናይለን ክር ያለው፣ ሦስት አራተኛ የሚባለው መጠን ክላሲካል ጊታር ነው፤ ከላይኛው ክር መደገፊያ እስከ ታችኛው ድልድይ (ክሮቹ እስከሚታሰሩበት እንጨት) የክሩ ርዝመት 58 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የአዋቂው 65 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የባለቤትዎ ጊታር ምናልባት ይህ ነው፣ ለትንሽ እጅም አይመችም። የብረት ክር አይግዙለት፤ ጣቱን ስለሚያቆስለው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። «እንደ ፊልሙ ይጩህልኝ» ብሎ ክላሲካሉ ላይ የብረት ክር እንዲያስሩለት ቢለምን በፍጹም አይስማሙ፤ የብረት ክር ጉተታው ስለሚበልጥ ድልድዩን ይነቅለዋል ወይም አንገቱን ያጎብጠዋል። ሱቅ ውስጥ አንድ ነገር ይፈትሹ፦ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል የባንክ ካርዶችን ደርድረው ያስገቡ። አራት ወይም አምስት ካርድ ከገባ ደህና ነው። ስድስተኛው ከገባ ክሩ ርቋል፤ ወይ ያስተካክሉልዎ ወይ ይተዉት። ክረምት ላይ ማሞቂያ ሲበራ የቤቱ አየር ይደርቅና እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ጊታሩን ከማሞቂያ አርቀው በሣጥኑ ውስጥ ያኑሩ፣ መኪና ውስጥም አያሳድሩ።

መደብደቡን አልከለክለውም፤ ቦታና ጊዜ ይኑረው እንጂ። የጊታር የፊት ሰሌዳ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍር እንጨት ነው። በቡጢ አይመታም፣ በቀዳዳውና በድልድዩ መካከልም አይመታም። ከጠርዙ አጠገብ፣ በአውራ ጣት ሥር ባለው የመዳፍ ሥጋ፣ በቀስታ ይምታ። ቅኝቱን መቀየር ከፈለገ ስድስተኛውን (ወፍራሙን) ክር ከሚ ወደ ሬ፣ ሁለተኛውን ከሲ ወደ ላ፣ አንደኛውን ከሚ ወደ ሬ ያውርዱለት፤ ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ፣ ሬ ይሆናል። ሦስቱም ክሮች ስለሚላሉ የመበጠስ አደጋ የለም። ክሮችን ወደ ላይ የሚስቡ ቅኝቶችን ግን ለጊዜው ይተዉ። ይህንን የዕለቱ ልምምድ መጨረሻ ላይ ለአምስት ደቂቃ እንደ ጨዋታ ይስጡት። መዳፉ ከበሮ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይማር፤ አብሮ የሚያሸበሽብ ሰው እያለ ምት መያዝን የሚያህል ልምምድ የለም።

ልምምዱ በቀን ሃያ ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይሁን፤ አንድ ላይ ከከበደው ለሁለት አሥር ደቂቃ ይከፈል። ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ማስቀመጥ ይህን አይተካም። አስተማሪ ጋር በሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አስተማሪው አማርኛ መናገሩ ግዴታ አይደለም፤ ግዴታው ልጁ በጆሮው ያወጣውን መዝሙር ተቀብሎ ከዚያ መነሳቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን «በጆሮ የሚጫወት ልጅ ነው፣ ኖታውን እንዴት ይጀምሩለታል?» ብለው ይጠይቁ። ጥሩው መልስ «ያወጣውን ዜማ አብረን እንጽፈዋለን» የሚል ነው። «መጀመሪያ በጆሮ መጫወቱን ይተው» የሚል ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ ኖታን ጭራሽ የማያነሳም አይሁን። በጆሮ የሚጫወት ልጅ ኖታ ማንበብ ስለሚዘገይበት ያፍራል፤ እንደሚያነብ አስመስሎ በጆሮው ይሸፍነዋል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲነቃበት ተስፋ ይቆርጣል። በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የመሣሪያ ትምህርት ስላለ ትምህርት ቤቱንም ይጠይቁ፤ ከሌሎች ልጆች ጋር መጫወት ብቻውን ሊያገኘው የማይችለውን ይሰጠዋል።

ከፊልሙ ሁሉ ለእውነት የሚቀርበው ሰው ሮቢን ዊሊያምስ የሚጫወተው ዊዛርድ ነው። ልጆቹን መንገድ ላይ አስጫውቶ ገንዘቡን የሚወስድ፣ ለኢቫንም አዲስ ስም የሚያወጣለት፣ ከትምህርቱ አስነስቶ የሚወስደው እሱ ነው። ጎበዝ ልጅ ባለበት ዙሪያ እንዲህ ያለ ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም በፍቅር ነው የሚመጣው። ቪዲዮውን እንልቀቅለት፣ ሠርግ ላይ ይጫወት፣ ቻናል እንክፈትለት ይላል። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ እምቢ ይበሉ። ወደፊት ክፍያ ያለው ነገር ከመጣ ውል ሳይነበብ አይፈረምም፤ ገንዘቡም በልጁ ስም ይቀመጣል። ኒው ዮርክን በመሳሰሉ ግዛቶች ከልጅ ተዋናይ ገቢ 15 በመቶ በልጁ አደራ ሒሳብ እንዲገባ ሕግ ያዛል፤ እርስዎ ያሉበት ግዛት ባያዝ እንኳ እርስዎ ይዘዙት።

አሁን «አባቴ ይሰማኝ ይሆን?» ወዳለው። ፊልሙ ለልጁ የሰጠው ተስፋ «በደንብ ከተጫወትክ ይመጣሉ» የሚል ነው። አባት የሌለው ልጅ ይህን ገልብጦ ይሰማዋል፦ ካልመጣ በደንብ ስላልተጫወትኩ ነው። ጊታሩ ያኔ መጫወቻነቱ ይቀርና ሸክም ይሆናል፤ የተሳሳተች እያንዳንዷ ኖታ አባቱን ያራቀች ትመስለዋለች። ስለዚህ «ምናልባት ይሰማህ ይሆናል» ብለው አያጽናኑት፣ ቀልድ አድርገውም አያልፉት። ቁጭ አድርገው በግልጽ ይንገሩት፦ «አይሰማህም፣ የኔ ልጅ። አባትህ የት እንዳለ አናውቅም። ፊልሙ ሰው የጻፈው ታሪክ ነው። አባትህ የሌለው አንተ አንድ ነገር ስላደረግህ ወይም ስላላደረግህ አይደለም። ስለ እሱና ስለ እናትህ የማውቀውን ልነግርህ ዝግጁ ነኝ፤ በፈለግህ ጊዜ ጠይቀኝ።» ከዚያም በእርግጥ የሚያውቁትን ይንገሩት፤ ያለው ፎቶም ይታይ። ከፈለገ ፊልሙን አብራችሁ ድገሙት፤ አያቱ በእናቱ ስም የፈረመበት ቦታ ላይ አቁሙና ተነጋገሩበት፣ ጣቶቹ ቀርበው የሚታዩበት ላይም አቁሙና የማን እጅ እንደሆነ ንገሩት። እንደ ሴራ ገላጭ ሳይሆን ፊልም እንዴት እንደሚሠራ እንደሚያሳይ ሰው ይሁን።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ ለዘመድ አዝማድ ነው። የእህትዎ ሙት ዓመት ሲመጣ «እናትህ የምትወደውን ተጫወትልን» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ክፋት አስቦ አይደለም። ይከልክሉልኝ። ልጁ ሲጫወት ትልልቆቹ ያለቅሳሉ፤ እሱም ሙዚቃው የሰውን ሐዘን መቀስቀሻ መሆኑን ይማራል። ራሱ ጠይቆ ከተጫወተ ግን አይከልክሉት፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

የሙዚቃ አስተማሪ የሚረዳው እስከዚህ ድረስ ነው። ሌሊት የሚባንን፣ ከፓርክ አልመለስም የሚል፣ ሲሳሳት ራሱን የሚመታ ወይም ስለ አባቱ ያለው ጥያቄ ከዕለት ወደ ዕለት የሚበረታ ከሆነ የትምህርት ቤቱን የሥነ ልቦና አማካሪ ያነጋግሩ። የጊታር አስተማሪውም ልጁ የእህትዎ ልጅ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ካልነገሩት «ለአባትህ ተጫወትለት» ብሎ ሳያውቅ ሊወጋው ይችላል።

እውነቱን ከሰማ በኋላ ጊታሩን ጥሎ ሊቀመጥ ይችላል። ያ ሲሆን አይደንግጡ፣ አያስገድዱት፣ አስተማሪውንም ወዲያው አያሰናብቱ። ለሁለት ሳምንት ትምህርቱ ይቁም፤ ጊታሩ ግን ከሣጥኑ ወጥቶ፣ ከማሞቂያ ርቆ፣ እጁ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ራሱ ካነሳው ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለት ሳምንት አልፎ ካላነሳው ወደ ኪቦርዱ ወይም ወደ ከበሮው ይምጣ፤ ጆሮው ከመሣሪያ መሣሪያ አብሮት ይሄዳል። ስድስት ወር ሲሞላ ደግሞ ያንኑ የጥቁር ቁልፎች ፈተና በሌላ ዜማ ይድገሙለት፤ ትምህርቱ እየሠራ ስለመሆኑ ከአስተማሪው ሪፖርት ይበልጥ የሚነግርዎት እሱ ነው።